ፒክአፗ ቁልቁል ስትወርድ

ያልነደደ ናፍታ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ዛሬ ጠዋት አንዱ ደንበኛ መኪናውን እያስገፋ ጋራዤ በር ላይ አደረሳት፤ ቁልፉን ባዞረ ቁጥር ነጭ ጭሷን ፊቴ ላይ ትተፋለች። ኮፈኑን ሳልከፍት አወቅኩት፤ ካንዴሌታ ነው። ናፍታ ሞተር በብርድ እንዲነሳ ውስጡን ቀድማ የምታሞቅ፣ የሌባ ጣት የምታህል ብረት ናት። በዚች ብረት የተነሳ እኔና አባቴ አራት ዓመት ተኳርፈናል።

የደብረ ማርቆስን ብርድ ታውቀው የለ? ቤታችን ዳገቱ አናት ላይ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴ የእህል ነጋዴዎችን ወደ የጁቤና ወደ ሉማሜ ገበያ የሚያመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ጠዋት ጠዋት ግን አልነሳም ትላለች። መጀመሪያ በቆርቆሮ ፍም አድርጎ ሞተሩ ስር ያስገባል። ይህ አልሆን ሲል በሩን ከፍቶ ከኪዳን የሚመለሰውን ምዕመን ይጣራል፤ "ወገን፣ እስቲ አንድ ጊዜ በሉኝ!" ነጠላ የለበሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይገፋል። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ እየተንገራገጨች ትነሳና ጥቀርሻዋን በነጠላው ላይ አራግፋ ትሄዳለች። ሴቶቹ ሲራገሙ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።

ከሁሉም የባሰው ግን በእኔ ነበር። የመኝታ ክፍሌ መስኮት ከግቢው በር አጠገብ ስለሆነ፣ ገና ሳትገፋ ቁልፉን ደጋግሞ ሲያዞር የምትተፋው ጭስ ተጠራርጎ የሚገባው እኔ ላይ ነው፤ ስስል እውላለሁ። አንድ ቀን መስኮቱን በርግጄ "አባዬ፣ ልትገድለኝ ነው እንዴ? ይቺን ጉድ ከመስኮቴ ስር አታስነሳት!" ብዬ በገፊዎቹ ሁሉ ፊት ጮህኩበት።

"ጭስ የጠላ ሰው ጋራዥ ምን ይሠራል?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያኔ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ አውቶ መካኒክ የምማር ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። እሱ ደግሞ ነገሩን እንደ ነውር ይደብቀዋል፤ ልጅህ ምን ትማራለች ሲሉት "ኮምፒውተር" ይል ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የፒክአፗን በሽታ ለማወቅ ኮሌጅ መግባት እንኳ አያስፈልግም ነበር። ሞተሯ አንዴ ከሞቀ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቁልፍ ነው የምትነሳው፤ የምታምፀው በብርድ ብቻ ነው። ነገርኩት። የአባቴ ጓደኛ የነበረ ሽማግሌ መካኒክ ግን "የናፍታ ፓምፑ ነው፤ ሰኞ መጥቼ አወርደዋለሁ" ብሎ ፈርዶ ነበር። አባቴም "እሱ ዕድሜውን ሲፈታ የኖረ ሰው ነው፤ አንቺ ደብተርሽን ፍቺ" አለኝ። ከእሱ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ጎበዝ እንዲለኝ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ከገበያ ተመልሶ፣ ሞተሯ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ልቅሶ ሊደርስ በእግሩ ወጣ። እኔ እቴ! መፍቻዬን ይዤ ገባሁበት። ሁለቱ ካንዴሌታዎች በደህና ወጡ። ሦስተኛዋ በዝገት ተጣብቃ አሻፈረኝ ስትል አባቴና መካኒኩ ከልቅሶው ተመልሰው ከጭንቅላቴ በላይ ቆሙ።

"አንገቷን ትቆርጪያታለሽ" አለ መካኒኩ። "ከዚያ የሞተሩ ራስ ካልወረደ አትወጣም።"

"ከሰበርሽ ከዚህ ቤት ውጪ!" አለ አባቴ።

ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ዘይት አንጠባጠብኩባት፤ ትንሽ ላላ፣ መልሶ ጠበቅ፣ እንደገና ላላ። በመጨረሻ ሲጥ ብላ ዞረች። አራቱንም አውጥቼ አንድ በአንድ በሽቦ ከባትሪው ጋር ሳገናኛቸው ጫፏ እንደ ፍም የቀላው የአንዷ ብቻ ነው። ሦስቱ ሬሳ ናቸው። መካኒኩ ምራቁን እንትፍ ብሎ ሄደ። ቀድሜ የገዛኋቸውን አራት አዲሶች አስገብቼ አጠበቅኩ። አባቴ ወደ ቤት ገባ።

ፈተናው የጠዋቱ ብርድ ነው። ሲነጋጋ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ። አባቴ ወጣ። ፍም አልጫረም፣ ሰው አልጠራም። በሩን ከፈተ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀና፣ በቁልፍ እንኳ ሳይሞክራት፣ ፒክአፗን ዝም ብሎ ቁልቁል ለቀቃት። ጎማዋ ጠጠሩን እየጨፈለቀ ሲርቅ ሰማሁ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። እጄን ተጸየፈው አልኩ።

"ቁልፉን አንድ ጊዜ ብታዞረው ጣትህ ይቆረጣል?" አልኩት።

"መኪናዋ የኔ ናት። እንደፈለግኩ አወርዳታለሁ።"

እንደተመረቅኩ ባሕር ዳር ሥራ አገኘሁና ሄድኩ። ለዓመት በዓል ይደውላል። "ደህና ነሽ?" "ደህና።" ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። በአራተኛው ዓመት ድንገት ሞተ።

በሰልስቱ ዕለት ከቁልቁለቱ ግርጌ የሚኖሩት ጎረቤታችን አጠገቤ ተቀመጡ። ከገፊዎቹ ሁሉ ዋናው እሳቸው ነበሩ።

"አንቺ ከነካካሻት ወዲያ እኮ ተገላገልን" አሉኝ። "አንድ ቀን ገፍተን አናውቅም። እኛ በር ላይ ያቆማትና በቁልፍ ነው የሚያስነሳት፣ በአንድ ጊዜ! 'ስማ፣ የልጄ እጅ እኮ ነው' ይለኛል። 'ታዲያ ላይ ለምን አታስነሳትም? ፍሬኑ ቢከዳህስ?' ስለው 'ልጅቱ ተኝታለች፤ ጭሱ ያስላታል' ይል ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላም አልተወም።"

ንፍሮው አፌ ውስጥ ቀረ። መስኮቱን በርግጄ የጮህኩት ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አለቀስኩ፤ ግን ተናድጄም ነበር፣ አልዋሽህም። ለጎረቤት ያወራውን ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? አፍ አልነበረውም? እኔስ ብሆን ምን አፌን ዘጋው?

ከባሕር ዳር ተመልሼ እዚሁ ጋራዥ ከፈትኩ፤ ቤቱም ፒክአፗም አሁን የእኔ ናቸው። የድሮ ክፍሌን የመለዋወጫ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። ሞተር ሳይነሳ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ፍሬን እንደሚከብደው ለደንበኞቼ እየጮህኩ የምናገር እኔ፣ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቼ የእጅ ፍሬኑን እለቃለሁ። ጎረቤታችን በር ላይ ስደርስ ቁልፉን አዞራለሁ፤ በአንድ ጊዜ ትነሳለች። ላይ ቤት የሚተኛ ሰው የለም።