የእድሩ አግዳሚዎች

ዛሬ ጠዋት የእበትና የአመድ ልቅልቅ ሽታ በመስኮቴ ገባ። ከዞን እንግዳ ይመጣል ተብሎ ትምህርት ቤቱን እየለቀለቁት ነው። ሽታው ስድስተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዘመን መለሰኝ።

ያኔ ከአምበር ከተማ ወዲያ ያለው ትምህርት ቤታችን ከስድስተኛ አያልፍም ነበር፤ የምንቀመጠውም ድንጋይ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ መማር የፈለገ ደብረ ማርቆስ ቤት ይከራያል። ሴት ልጁን ብቻዋን የሚልክ ግን አልነበረም። በዚያ ዓመት መንግሥት ይበልጥ ለቸገረው አንድ ትምህርት ቤት ዴስክ ሊሰጥ፣ ሰባተኛ ክፍልም ሊከፍት ነው ተባለ። አይቶ የሚወስን ሹም ተላከ። ታናሽ እህቴ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበረች። እኔ ጎበዝ መሆኔን አገር ያውቃል፤ እሷ ትበልጠኝ ነበር ማለት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

የእድሩ ዳኛ የነበረው አባቴ «እንግዳ ድንጋይ ላይ አናስቀምጥም» አለ። የእድሩ አግዳሚዎች በሸክም መጡ፤ ወለሉ ላይ ለምለም ሣር ተጎዘጎዘ፤ ልጆቹ የጎረቤት ጫማ ተዋሱ። ግድግዳውን የለቀለቅሁት እኔ ነኝ፤ እንደ እኔ የሚያለሰልስ አልነበረም።

ሹሙ ግድግዳውን ዳበሰ፤ ተቀመጠ፤ በላ ጠጣ።

«እናንተማ ሞልቶላችኋል» አለ።

አባቴ ደስ ብሎት «እግዜር ይመስገን፣ ምን ጎድሎን» አለው።

ዴስኩም ሰባተኛ ክፍሉም በይጁቤ መንገድ ላለ ትምህርት ቤት ተሰጠ። እዚያ ሹሙን ድንጋይ ላይ አስቀምጠውት ነበር አሉ።

አግዳሚዎቹን ስንመልስ የአንዱን ጫፍ እህቴ ይዛ ነበር።

«ወንድም ዓለም፣ እነ አባባ ድንጋይ ላይ እንደምንቀመጥ ለምን አልነገሩትም?»

«ነውር ነዋ» አልኳት።

በጥር ተዳረች። እኔ የሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ፤ ዛሬ ዲግሪ ያለው ሁሉ እኔን ይጠይቃል። እሷ ለዚያ ጊዜ አልነበራትም።

ሰሞኑን ልትጠይቀኝ መጥታ እኔ ዘንድ ናት። ከሰዓት በኋላ ወጣቱ መምህር ባለመደገፊያ ወንበሬን ሊዋስ መጣ። በሰፈሩ እንደሱ ያለ ወንበር የለም፤ ልሰጠው ነበር። እህቴ ቀድማኝ ተቀመጠችበት።

«አልነሳም።»

«እማማ፣ ለእንግዳው እኮ ነው።»

«ልጆቹ ምን ላይ ነው የሚቀመጡት?»

መምህሩ አቀረቀረ። «ትንንሾቹ ድንጋይ ላይ።»

«እሱም እዚያው ይቀመጣ።»

መምህሩ ከሄደ በኋላም አልተነሳችም። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ ወደ ፊት ትመለከት ነበር፤ ያኔ ክፍል ውስጥ ስሟ እስኪጠራ እንደምትጠብቀው።