ኳ የጎደላት መፈክር

ኳስ እወዳለሁ። ከክለብ ሁሉ ደግሞ የራሴን። የራሴ ክለብ ሊወደድ የሚገባው አልነበረም። ይህን የምለው ዛሬ አርጅቼ አይደለም፤ ያኔም ብዬዋለሁ፣ ብዬውም ሊያስበላኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ንፋስ ስልክ ከሳሙና ፋብሪካ ካርቶን ክፍል እሠራ ነበር። ፋብሪካው የኳስ ክለብ ነበረው፣ ክለቡም እንዴት እንደሆነ እኔ እንጃ፣ አንደኛ ዲቪዚዮን ገብቶ ነበር። ሰዉ «አረፋዎቹ» ይለናል። ስድብ ነው፣ ግን ልክ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃ ኩፍ እንላለን፣ ከዚያ በኋላ የለንም።

ስለ ሌሎቹ ክለቦችም ልናገር፣ ዕድሜዬ ከሰባ ስላለፈ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ። ወታደሮቹ ኳሷን ከመምታታቸው በፊት ሰውየውን ይመታሉ። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ትንፋሽ ያጥረዋል። መሃል ከተማዎቹ ጥሩ ይጫወታሉ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል። ደጋፊያቸው ግን ኳስ እነሱ ሰፈር ተወልዳ እነሱ ሰፈር ክርስትና የተነሳች ይመስለዋል። ከሰሜን የሚመጡት በእውነት ኳስ ያውቃሉ። ከእግራቸው ላይ ኳስ ለማስለቀቅ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። አንድ ጊዜ አራት አግብተውብን ሲወጡ የኛ ተከላካዮች ቆመው አጨበጨቡላቸው። እኔ አላጨበጨብኩም። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በልቤ ብቻ አደነቅኩ።

እሁድ እሁድ ከጎፋ በውይይት ወደ ስታዲየም እንሄዳለን። ውይይት ማለት ያቺ ፊት ለፊት እየተያየን ጉልበት ለጉልበት ተጋጭተን የምንቀመጥባት ትንሽ ታክሲ ናት። ፋብሪካ ውስጥም በየሳምንቱ ውይይት የሚባል ስብሰባ ነበረን። ልዩነቱ፣ ታክሲዋ ውስጥ ሰው ያሰበውን ይናገር ነበር።

ታክሲዋ ውስጥ የምንናገረውም ስለ አንድ ሰው ነበር፣ ስለ ኳስ ኮሚቴያችን ሊቀመንበር። ሰውየው የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። መጋዘን ውስጥ አንዲት ሚስማር ብትጎድል ያውቃል። ስለ ኳስ ግን የሚያውቀው ክብ መሆኗን ነው። የሚስቱን ወንድም በረኛ አደረገው። ልጁ ቁመት ነበረው፣ ሌላ ነገር አልነበረውም። ኳስ ስትመጣ እንግዳ እንደሚያስገባ ሰው ገለል ብሎ ያሳልፋታል። ለቡ እርሻ መሃል ያደገ አንድ ግራ ክንፍ ነበረን፤ ኳስ እንደ ጥጃ የምትከተለው ልጅ። ስብሰባ ላይ አርፍደሃል ብሎ ከቡድኑ አባረረው። አገሩ ሁሉ ወደ ግራ እየተባለ በቀኝ ብቻ የምናጠቃ እኛ ብቻ ነበርን።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስት ጨዋታ ሲቀረን ከአንደኛ ዲቪዚዮን ልንወርድ ደረስን። የኔ ሐሳብ ደግሞ ቀላል ነበር። አንድ ነገር መውረዱ ካልቀረ ቡድኑ ከሚወርድ ሰውየው ይውረድ።

ይህን በቃል ስንለው ኖረናል፣ የሰማን የለም። እኔ ግን በዚያ ዓመት ፊደል ቆጥሬ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ከሥራ በኋላ መሠረተ ትምህርት ይሰጥ ነበር፣ የምታስተምረንም ከቢሮ የመጣች ወጣት ናት። ከሀ እስከ ፐ ወጣሁት። ከፐ በኋላ ያሉት ዲቃላ ፊደሎች፣ እነ ቋ፣ ኋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ላይ ልንደርስ ስንል ፋብሪካው መሃይምነትን አጥፍቷል የሚል ሪፖርት ሄደና ትምህርቱ ቆመ። ሰርተፊኬት ሰጡኝ። ኳን አልሰጡኝም። አሁን እንደምታዩት እጽፋታለሁ፣ ያኔ ግን ከሩቅ እንኳ አላውቃትም።

እሁድ ወታደሮቹ ሦስት አገቡብን። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የሠራተኞች መሰብሰቢያ በሆነው ክበብ ውስጥ ካለው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆምኩ። ማስታወቂያ የሚጻፍበት ነው። ጠመኔ አነሳሁ። ልጽፍ ያሰብኩት «የኳስ ኮሚቴው ሊቀመንበር ይውረድ» ነበር። «የ» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ኳ እንዴት ናት? ካ ትመስለኛለች። ካ ብዬ ስ ብጨምርባት ግን «ካስ» ነው የሚሆነው፤ ካስ ደግሞ ካሳ ክፈል ማለት ነው። እኔ ካሳ አልፈለግኩም፣ ወንበሩን እንዲለቅ ነው የፈለግኩት። ተሳስቼ ከምጽፍ ብተወው የሚሻለኝ ሰው ነኝ። «የ»ን በእጅጌዬ ጠረግኳት። የኛን ሰውዬ የማያውቅ የለ ብዬ በትልልቁ «ሊቀመንበሩ ይውረድ» ብዬ ጻፍኩ። ራቅ ብዬ አየሁት። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ አንዱም አልተጣመመም። ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ብዙም አልቆየሁ፣ ካርቶን አብሮኝ የሚያጥፈው ሰው አመድ መስሎ መጣ።

«ያንን ሰሌዳ አየኸው?»

«ጽፌው እንዴት አላየውም» አልኩት።

ክርኔን ይዞ ከካርቶኑ ክምር ኋላ ወሰደኝ። «ልጆች የሉህም እንዴ?»

«አሉኝ። እነሱም እንደኔ ነው የሚያስቡት።»

«ስለ ማን ነው የምታወራው አንተ ሰው?»

«ስለ ሊቀመንበሩ ነዋ። ኳስ የማያውቅ ደንቆሮ፣ ዘመዶቹን ሰብስቦ ሊያወርደን ነው።»

ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፈነ። «ከሰሌዳው በላይ ምን እንደተሰቀለ ቀና ብለህ አይተሃል?»

ያኔ ነው የገባኝ። ከሰሌዳው በላይ ፎቶግራፍ አለ። በዚያ ዘመን «ሊቀመንበሩ» ሲባል በአገሩ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ፎቶግራፉም የእሱ ነው። እኔ ከሥሩ በጠመኔ ይውረድ ብዬ፣ ከዚያም አልፎ ፊደሌ ማማሩን እያደነቅኩ ሄጃለሁ። ሰው በዚያ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ቃል ሄዶ ይቀር ነበር። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ሮጬ ላጠፋው አሰብኩ። ጓደኛዬ ያዘኝ። ሊያጠፋው የደፈረ አልነበረም፣ ምክንያቱም ያጠፋ ሰው አንብቦታል ማለት ነው። ሁሉም እንዳላየ ያልፋል። ፋብሪካው ከመሃይምነት ነጻ ወጥቷል ተብሎ፣ በዚያ ቀን ግን ማንበብ የሚችል አንድ ሰው አልተገኘም።

ለረቡዕ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬ ከቀበሌዎቹ በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛው፣ ይመጣል ተባለ። ሚስቴ ብርድ ልብስና አንድ ሹራብ ጠቅልላ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። እስር ቤት ይበርዳል ብላ ነው።

«ይሄ ኳስ አንድ ቀን ያስበላሃል ስልህ አልነበር» አለችኝ።

«ኳስ ብዬ ብጽፍማ ምን ችግር ነበረው» አልኳት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክበቡ ሞላ። ከሰሌዳው ፊት የተቀመጠው ካድሬ ወጣት ነው፣ ካኪ ለብሷል፣ ማስታወሻ ደብተሩን ከፊቱ ዘርግቷል። የኳስ ኮሚቴያችን ሊቀመንበር ከፊት ወንበር ላይ ነው። ስጽፍ ያየኝ አልጠፋምና እኔን ብቻዬን አቆሙኝ።

«ጓድ፣ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«የትኛውን ሊቀመንበር ነው ይውረድ ያልከው?»

«የኳስ ኮሚቴውን።»

«ታዲያ ኳስ የሚል ለምን አልጻፍክም?»

«ኳን አልችላትም።»

የሳቀ የለም። ካድሬው ደብተሩን ገለጠ። «የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት ወስደሃል ይላል።»

«ወስጃለሁ። ኳ ግን የለችበትም።»

አስተማሪያችን ጫማዋን ታያለች። አልፈረድኩባትም። እኔ ኳን አልችልም ማለት የሄደው ሪፖርት ውሸት ነው ማለት ነው፣ እሷም ከጎኔ ልትቆም ነው። ካድሬው ጠመኔ ሰጠኝና ኳስ ብለህ ጻፍ አለኝ። ሰሌዳው ላይ «ካስ» ብዬ ጻፍኩ።

«ማን ነው የሚክሰው?» አለ። ቀጥሎ ወደ ሰዉ ዞረ። «ሊቀመንበሩ ብሎ ለመጻፍ ያላቃተው ሰው ባለሁለት ፊደል ቃል አቃተው። አስመሳይነት ነው።»

እውነቴን ነው፣ እኔም እሱን ብሆን አላምንም ነበር። ከዚያ ወደ ሰውዬአችን ዞሮ ጠየቀው፣ «ጓድ፣ በኮሚቴህ ላይ እንዲህ የሚያስጽፍ ቅሬታ ነበር?»

ሰውየው ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። «ቅሬታ ቀርቦ አያውቅም» አለና ተቀመጠ።

ጨረሰኝ። ቅሬታ ከሌለ እኔ የጻፍኩት ስለ ሌላኛው ነው ማለት ነው። ለምን እንዳለው ግን ገብቶኛል። ክለቡን አበላሽቻለሁ ያለ ሰው በዚያ ጊዜ አሻጥረኛ ሊባል ይችላል፣ አሻጥረኛ ከተባለ ደግሞ የኔን መንገድ ነው የሚሄደው። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ልንለብስ ነው።

ልለምነው ይገባኝ ነበር። ልመና አልሆንልኝ ስላለ ተሳደብኩ።

«ቅሬታ የለም? ያ በር ላይ የገተርከው ልጅ ማን ነው፣ የሚስትህ ወንድም አይደለም? ከሰሜን የመጡት አራት ሲያገቡበት አንዷን እንኳ ነክቷታል? ግራ ክንፋችን የት ሄደ? ለቡ ወርዶ ጤፍ እያጨደ ነው። እኛ በአንድ ጎን ብቻ እንደ ሸርጣን እንሄዳለን። ወታደሮቹ ዕለት የመሃል ተከላካያችን እግሩን ተመትቶ ሲያነክስ ቀይሩት ብለን ስንጮህ አንተ ምን ታደርግ ነበር?»

«ተኝቶ ነበር» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«እንቅልፍ ወስዶት ነበር» አለ ሌላው። «ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ።»

አዳራሹ ተነሳ። ለሁለት ዓመት ታክሲ ውስጥ ብቻ የተባለው ሁሉ መውጣት ጀመረ። አንዱ ሰውየው ፍጹም ቅጣት ምት በረኛው ይምታ ያለበትን ቀን አነሳ፣ ሌላው ዝናብ ሲጥል ቡድኑን ባለ ጎማ ሶል ሸራ ጫማ አስለብሶ ያስገባበትን። ካድሬው እርሳሱን በጠረጴዛ ላይ ቢመታም የሚሰማው አጣ። እኔ ጠመኔዋን እንደያዝኩ ነኝ። ሰውዬአችን ዞሮ አየኝ፣ ቀጥሎ እጄን አየ። ጠመኔዋ ትንቀጠቀጥ ነበር።

እንደገና ተነሳ። «ጓዶች፣ ግለ ሂስ አደርጋለሁ» አለ።

የጮኸው ሁሉ ተቀመጠ።

«ተኝቼ ነበር፤ እውነት ነው። ልጁን በረኛ ያደረግኩት ሚስቴ ወጥራ ስለያዘችኝ ነው። ግራ ክንፉን ያባረርኩት በማርፈዱ አይደለም፣ ፊቴ ላይ ኳስ አታውቅም ስላለኝ ነው። ሰዉ በየእሁዱ ይውረድ ሲለኝ እሰማለሁ። ሰሌዳው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ካድሬው ትንሽ አሰበ። «ኳስ አታውቅም ሲሉህ ምን ማለታቸው ነው?»

«ለምሳሌ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ስንት ዓመት ሊቀመንበር ሆንክ?»

«አራት።»

ካድሬው እርሳሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ኦፍሳይድን እሱም እንደማያውቅ ከፊቱ አየሁ፣ ሰው ፊት ሊጠይቅም አልፈለገም። ጽሑፉ የኳስ ኮሚቴውን የሚመለከት መሆኑ ታምኖበታል አለ። እኔ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ኳንም በአንድ ወር ውስጥ እንዳውቅ ታዘዝኩ። ጠመኔዋን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

ካድሬው ግን ሥራውን በሥርዓት መጨረስ ፈለገ። «ብዙኃኑ ይወስን» አለና ቆመ። «ሊቀመንበሩ ይውረድ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

አንድ እጅ አልወጣም። ያ ሁሉ ሲጮህ የነበረ ሰው እጁን በብብቱ ውስጥ ከትቶ ከካድሬው ራስ በላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ያያል። እኔም እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባት። ካድሬው የተናገረውን ዘግይቶ ሰማው መሰለኝ፣ ላብ አጠመቀው። ተቃራኒውን ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ያም አላማረውም። «ስብሰባው አልቋል» ብሎ ደብተሩን አጠፈ።

እናም ሰውዬአችን ሳይወርድ ቀረ።

ውጪ ታክሲ ስጠብቅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ማመስገን ነበረብኝ፣ ምስጋናው ግን ቀጥ ብሎ አልወጣ አለኝ።

«ጥሩ ሰው ነህ» አልኩት በመጨረሻ። «ኳስ ግን አታውቅም።»

«ኳስ ባውቅ ኖሮ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሳያነሳ፣ «ዛሬ ማን ይመሰክርልህ ነበር?»

ታክሲዋ መጣች፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀመጥን፣ እስከ ጎፋ ድረስም ስለ ዝናብ ብቻ አወራን።