በአሥር ዓመት ሃያ አንድ ዓመት ያረጀው ዩናን

ዴልያ ማክኔሊስ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ አንድ ቀን እንኳ አርፍዳ አታውቅም። በዶኔጋል ገጠር ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በግ ቢጋደምባት ወርዳ በጆሮው ጎትታ ታነሣው ነበር እንጂ ጥሩምባ አትነፋም። ጡረታ ከወጣች ወዲያ ግን እንቅልፍ የሚነሣት አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የቅድመ አያቷ የዩናን ስም።

ዩናን፣ መቃብሩ ላይ እንደ ተጻፈው፣ በ1938 በመቶ ሁለት ዓመቱ ነው የሞተው። በደብሩ የዚህን ያህል የኖረ የለም እያለች እናቷ አሳደገቻት፤ እሷም በተራዋ በዚሁ ወሬ አውቶቡስ ሙሉ ልጆች ስታደነቁር ኖረች። አሁን ደግሞ ቄሱ አባ ሺልስ በመቃብሩ ስፍራ በር ላይ የደብሩን የዕድሜ ባለጸጋ ስም ሊያስቀርጹ ተነሡ። አንድ ስም ብቻ። ይህን የሰማ ጎረቤቷ ፓኪ ጎርምሊ፣ የእሱ ቅድመ አያት ኮርማክ መቶ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ኖሯል ብሎ ብቅ አለ።

"አምስቱን ወር ከየት አመጣኸው?" አለችው፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይዛው።

"እናቴ ነግራኝ።"

"እናትህማ ዶሮዬ በቀን ሁለቴ ትጥላለች ስትል የኖረች ሴት ናት!"

"አንቺ ሴትዮ፣ ወረቀት ካለሽ አምጪ!"

አባ ሺልስም፣ "ሁለታችሁም እስከ እሑድ መዝገብ ይዛችሁ ቅረቡ" ብለው ገላገሏቸው።

ዴልያ በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች። የ1901ዱን የሕዝብ ቆጠራ ከፈተች፦ ዩናን፣ ገበሬ፣ ሃምሳ አራት ዓመት። የ1911ዱን ከፈተች፦ ዩናን፣ ገበሬ፣ ሰባ አምስት ዓመት። መነጽሯን በሹራቧ ጠርጋ እንደ ገና አየች። ያው ቤት፣ ያችው ሚስት። ሚስትየው ደንቡን ጠብቃ አሥር ዓመት ብቻ ጨምራለች።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል መንግሥት ሰባ ዓመት ለሞላው ድኻ በሳምንት አምስት ሽልንግ ጡረታ መስጠት ጀምሮ ነበር። የልደት ወረቀት ያለው ሽማግሌ ስለማይገኝ፣ የአገሩ ኮሚቴ የሚጠይቀው በ1839 የቤቱን ሁሉ ጣራ ገንጥሎ የሄደውን ትልቁን ነፋስ ታስታውሳለህ ወይ ብሎ ነበር፤ ያስታወሰ ሰባ ሞልቶታል ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ነፋሱን የረሳ ሰው አልተገኘም።

እንግዲህ ዩናን የሞተው በዘጠና አንድ ዓመቱ ነው። ዘጠና አንድማ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ አክስትም ሞልቷታል!

የጡረታ ማመልከቻውን ፈለገች። "ነፋሱ የአባቴን አህያ ከነ ጭነቱ አጥር አሻግሮ ሲጥል በዓይኔ አይቻለሁ" ይላል ዩናን፣ ነፋሱ ካለፈ ከስምንት ዓመት በኋላ የተወለደው ሰውዬ። ከግርጌው ምስክር አለ፦ "አህያው ሲወድቅ አብሬው ነበርሁ። ኮርማክ ጎርምሊ።" ዴልያ የኮርማክን ማመልከቻ አወጣች። ምስክሩ ዩናን ነው፦ "ኮርማክ ያንን አህያ ሲያነሣ አይቻለሁ።" በ1901 ኮርማክ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ዴልያ ሳቋ እንዳያመልጣት የሹራቧን እጅጌ አፏ ውስጥ ወተፈች።

ፓኪ በሩን ሲከፍትላት ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፤ እጁ ላይም ወረቀት አለ።

"አይተሻል?"

"አይቻለሁ። ያንተው በሦስት ዓመት ያንሳል።"

"ለዘጠና አንድ ዓመትም ቢሆን ማን ድንጋይ ይቀርጽልሻል?"

ፓኪ ሻይ ቀዳላትና ቅቤ የተቀባ ዳቦ አቀረበላት።

"ስሚ ዴልያ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ሲጣሉ ነው የኖሩት ይሉ የለም እንዴ?"

"አምስት ሽልንግ እስኪመጣ ድረስ ነዋ!"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ሺልስ ሁለቱንም በር ላይ አገኟቸው። "እህሳ፣ መዝገቡ ምን ይላል?"

ዴልያ ቀደመች። "የጎርምሊዎችን ወረቀት እኔው ራሴ መርምሬዋለሁ፣ አባ። መቶ ሁለት ዓመት ጥንቅቅ ያለ።"

ፓኪ ባርኔጣውን አወለቀ። "የማክኔሊሶችንም እኔ አይቻለሁ፣ አባ። አንድ ቀን አልጎደለም።"

"አምስቱ ወርስ የት ገባ?"

"የእናቴ ስሕተት ነው" አለ ፓኪ፣ መሬት መሬት እያየ።

አባ ሺልስ አንዱን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። "እንግዲያው ሁለቱም ስም ይቀረጻል" አሉ በመጨረሻ።

"እግዜር ይስጥልን፣ አባ" አለች ዴልያ። "ከሥር ቦታ ከተረፈ ደግሞ አንድ አህያ ይጨመርልን።"