ከቅርጫቱ ሥር የተሰማው ቃጭል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እንዲህ ስል የሚያውቀኝ ሰው ይስቃል፤ ሙላት ያልተናገረው ነገር አለ እንዴ ይላል። እውነቱን ነው። ላሊበላ ውስጥ ከእኔ አፍ ያመለጠ ወሬ የለም። ትምህርት የሚባለውን ገና ፊደሉን ለይቼ ሳልጨርስ ነው የተውኩት፤ ግን በፈረንሳይኛ እቀልዳለሁ፣ በጣሊያንኛ እሳደባለሁ፣ በጃፓንኛ አሮጊት አስቄ መስቀል ሸጫለሁ። ሁሉንም፣ ማንበብ መጻፉንም፣ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። ለቅሶ ቤት ገብቼ አልቃሽ ያሳቅሁ ሰው ነኝ። ይህን ግን አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ በጾም ወተት ቀምሻለሁ፣ ሰው አምቻለሁ እላቸዋለሁ። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉኛል፤ ተነሥቼ እወጣለሁ፣ ዋናውን በጉያዬ እንደያዝኩ።

አሁን እናንተ ነፍስ አባቴ ሁኑልኝ። ከቻላችሁ ደግሞ አትሳቁልኝ። ሰው እየሳቀልኝ ነው እዚህ የደረስኩት።

ነገሩ የቅርጫት ኳስ ነው። የከተማችን ኮሌጅ ከወገል ጤና ከተማ ልጆች ጋር ገጥሞ በአንድ ነጥብ የተሸነፈበት ጨዋታ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሆነ፤ በሽታው መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ቱሪስቱ ጠፋ፣ የእኔም ሱቅ ተዘግታ ተከፈተች። ክርክሩ ግን አንድ ቀን አልተዘጋም። እትዬ ዘውዴ ሻይ ቤት ገብታችሁ "ያ ጨዋታ" በሉ፤ የትኛው ጨዋታ ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም።

"ያቺ እጅ ናት" ይላል ሲሳይ፣ ባጃጅ የሚነዳው። "ፍሬሰንበት፣ የራሳችን ተጫዋች፣ ኳሱን ይዞ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ወደ ትከሻው ሲያነሣ አላያችሁም? ምልክት ነው። ኑ ውሰዱ ማለቱ ነው። የተገዛ ልጅ ነው።"

"ማን ነው የሚገዛው?" ይላሉ ጋሽ ተፈራ፣ ስፖርት ያስተማሩ የነበሩት ሽማግሌ። "ወገል ጤናዎች ያን ቀን ማሊያ እንኳ ተዋውሰው ነው የለበሱት። ልጁ ትከሻው ወልቆ ነው። እኔ አሰልጣኝ ብሆን ቀድሜ አስወጣው ነበር።"

"ጋሼ፣ ትከሻው የወለቀ ሰው ጫማውን ያወልቃል?"

"ጫማውን እኔ አላየሁም።"

"መነጽር ይቀይሩ እንግዲህ። ግራ እግሩን ከጫማው አውጥቶ ነበር እኮ።"

"ተዉት እስቲ የሰው ልጅ" ትላለች እትዬ ዘውዴ ብርጭቆ እያለቀለቀች። "የሌለ ድምፅ የሚሰማ በሽተኛ ነው። ደህና ቢሆን ጠበል ምን ወሰደው?"

ክርክሩ እዚህ ሲደርስ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። "ሙሌ፣ እስቲ አሳየን።" እኔም እነሣለሁ። የእትዬ ዘውዴን ትራስ እንደ ኳስ በብብቴ እይዛለሁ፣ ዓይኔን እሰብራለሁ፣ ግራ እግሬን ከጫማዬ አወጣለሁ፣ ከዚያ ያቺን እጅ ቀስ አድርጌ ወደ ትከሻዬ እወስዳታለሁ። ሰው ሻዩ በአፍንጫው እስኪወጣ ይስቃል። ያቺን እጅ ከባለቤቷ በላይ አሳምሬ ነው የምሠራት። ጋሽ ተፈራ እንኳ "ቲያትር ቤት ነበር ቦታህ" ብለውኛል። ስንት ዓመት ሠራኋት? ስንት ሰው ሳቀልኝ? ያቺ እጅ እንዳትረሳ ያደረግኋት እኔ ነኝ።

እጇ ምን እንደነበረች የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ያን ጊዜ የደጋፊ አለቃ ነበርኩ። ጭብጨባ የምመራው እኔ፣ ከበሮ የማስመታው እኔ፣ ዳኛውን በግጥም የምሰድበው እኔ። የወገል ጤና ሰዎች ገና ከአይሱዙ ሲወርዱ ተቀብዬ "እናንተን ዛሬ የሚያሸንፋችሁ ኮሌጁ አይደለም፣ እኔ ነኝ" አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲሆን ግን በአንድ ነጥብ ብቻ እየመራን፣ ልጆቻችን ደክመው፣ ያ የወገል ጤናው ረጅም ልጅ እንደ ፈረስ እየጋለበ ነበር። ያ ሁሉ ፉከራዬ መሳቂያ ሊያደርገኝ ነው።

ወቅቱ የጥምቀት ሰሞን ነው። ከከተማው ወጣ ያለች የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ታቦት ወደ መንበሩ እየተመለሰ፣ ያን ቀን ከሜዳው በላይ ባለው መንገድ ያልፋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ታቦት ሲያልፍ የላስታ ሰው የሚያደርገውን ታውቃላችሁ። የያዘውን ይተዋል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ነጠላውን በትከሻው ያስተካክላል፣ አንገቱን ይደፋል። የሚጣላውም ይቆማል፣ የሚነግደውም ይቆማል። ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ደግሞ ከፊት የሚሄደው ዲያቆን ቃጭል ነው።

እኔ ደግሞ ቃጭል ነጋዴ ነኝ። መስቀል፣ ጽናጽል፣ ትንንሽ ቃጭል፤ ለፈረንጅ፣ አልፎ አልፎም ለካህናት የምሸጠው ይህንኑ ነው። ያን ቀን አንዷን ከሱቅ ይዤ ወጥቻለሁ። ለምን? ለጭብጨባው ማድመቂያ ብዬ ነበር፤ እውነት ይህ ነው። ረጅሙ ልጅ ግን ሜዳ ሲገባ ሲያማትብ፣ የአንገቱን መስቀል ሲስም አይቼዋለሁ። ይኼ ልጅ ቃጭል ከሰማ ይቆማል አልኩ። ቢቆም ደግሞ ማን ያውቃል? ታቦቱ እንደሆነ የሚመጣ ነው፤ ትንሽ ቀደም አድርጎ መጣ ይባላል። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልመከረኝም።

ከበሮውን ለሲሳይ ሰጥቼ ከሕዝቡ ተለየሁ። ዞሬ ከእኛ ቅርጫት ኋላ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። እዚያ ፀሐይ ዓይን ስለሚወጋ ማንም አይቀመጥም። ሰዉ ሁሉ ወዲያ ማዶ ነው፤ ከበሮው፣ ጩኸቱ፣ ፉጨቱ ምድሩን አናውጦታል። ረጅሙ ልጅ ኳሱን እያነጠረ ወደ እኔ መጣ። መጣ፣ መጣ፣ ቅርጫቱ ሥር ደረሰ። እጄን በጋቢዬ ውስጥ አነሣሁ። ልክ በዚያች ቅጽበት የእኛው ፍሬሰንበት ከየት መጣ ሳይባል ኳሱን ነጠቀው። ኳሱ እጅ ቀየረ። የእኔ እጅ ግን አልቆመም። አቃጨልኳት።

ረጅሙ ልጅ አልሰማም። ወይም ሰምቶ ለነገሩ ቁብ አልሰጠውም። የሰማው ፍሬሰንበት ነው። እንዴት አይሰማ? ከልጅነቱ ጀምሮ ዲያቆን ሆኖ ቅዳሴ ላይ ያንኑ ሲያቃጭል ያደገ ልጅ ነው። ፊቱ ወደ እኔ ነበር። ኳሱን በብብቱ እንደያዘ ቆመ። ዓይኑን ሰበረ። ግራ እግሩን ከጫማው አወጣ። ቀኝ እጁ ወደ ትከሻው ሄደ። በማሊያ ነበር እኮ። እጁ የሄደው የሌለ ነጠላ ሊያስተካክል ነው።

ያቺ እጅ ይቺ ናት። ጉቦም አይደለች፣ ውልቃትም አይደለች።

ረጅሙ ልጅ ኳሱን ከብብቱ መዝዞ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተው። ፊሽካ ተነፋ፤ አለቀ።

ሰዉ ሜዳውን ወረረው። "ምን ነካህ?" ይለዋል ሁሉም። ፍሬሰንበት ጫማውን እያጠለቀ "ታቦት መጣ ብዬ ነው" አለ። ሰዉ ዞሮ ወደ ላይ አየ፤ መንገዱ ባዶ ነው። አንዱ ከዚያ በኩል የመጣ ገበሬ ታቦቱ ጠዋት በታችኛው መንገድ አልፎ መንበሩ ገብቷል አለ። "ታዲያ ምን ሰማህ?" አሉት። "ቃጭል" አለ። እኔ እዚያው አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ በጋቢዬ ውስጥ የቃጭሏን ምላስ በጣቶቼ ጭምቅ አድርጌ ይዣለሁ፣ እንዳትጮህብኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ነኝ ብል ኖሮ ቢበዛ ይደበድቡኝ ነበር፣ ለካህናቱም መስቀል አልሸጥም ነበር። ያን ፈራሁ። ዝም ብል እንኳ ባልከፋ። እኔ ግን ምን አልኩ? "ፍሬ፣ ያንተ ታቦት በወገል ጤና ዞሮ ነው እንዴ የሚገባው?" አልኩ። ያ ሁሉ የተቆጣ ሰው ሳቀ። ቁጣው በረደ። በኋላ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው "ሙሌ ባትኖር ይደበደብ ነበር" አሉኝ። እኔም ያዳንኩት መሰለኝ፤ ለዚያውም ኮራሁ።

የሌለ ድምፅ የሚሰማ ልጅ ምን ይደረጋል? እናቱ እትዬ ጥሩነሽ ኮሌጁን አስተውታ ጠበል ወሰደችው። ጋኔን እንደ ያዘው ሰው አሰሩት አሉ። ሲጠመቅ አልጮኸም አሉ፤ አለመጮሁም ሌላ ወሬ ሆነ።

ከጠበል ሲመለስ እኔ ሱቅ መጣ። ከስቷል። ቃጭሎቹ በሩ ላይ እንደ ወትሮው ተሰቅለዋል፤ ዝቅ ብሎ አንዳቸውንም ሳይነካ ገባ።

"ጋሽ ሙላት" አለኝ፣ "አንቱ ያን ቀን ከቅርጫቱ ኋላ ነበሩ።"

"ነበርኩ።"

"ከእኔ ጋር በአንድ ቦታ የነበሩት አንቱ ብቻ ነዎት። ሌላው ሰው ሩቅ ነበር፣ ከበሮ ነበረበት። እኔ ሰው እንዲህ አለ ብዬ አላምንም። አንቱን ግን አምናለሁ። እውነት ቃጭል አልሰሙም?"

አያችሁት? ጎረቤት አልጠየቀም፣ ካህን አልጠየቀም። የደወልኩትን እኔን ነው የጠየቀው። የተሰቀሉትን ቃጭሎች አየሁ፣ ፊቱን አየሁ።

"አልሰማሁም፣ ልጄ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲያ እኔው ነኝ" አለ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶኝ ወጣ። በማግስቱ እትዬ ዘውዴ ቤት "አሳየን" አሉኝ፤ አሳየኋቸው።

ባለፈው ለዘመድ ክርስትና ከከተማችን ራቅ ወዳለችው ብልባላ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ስቆም ከግድግዳው ሥር አየሁት። ጎልማሳ ሆኗል፤ ጢሙ ውስጥ ያለ ዕድሜው ሽበት ገብቷል። ዘመዴን በሹክሹክታ ጠየቅሁት። "እዚሁ ነው የሚኖረው" አለኝ፤ "ያርሳል፣ ውኃ ለካህናቱ ይቀዳል። ዲቁናውን ግን ትቷል። ቃጭል አልይዝም ብሎ።" ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ቅዳሴው ሄዶ ሄዶ ቃጭሉ አቃጨለ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ፍሬሰንበት ግን አልደፋም። ቀና ብሎ የሰውን ፊት ማየት ጀመረ፣ አንዱን፣ ቀጥሎ ያለውን። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ገባኝ። ሰው ሲሰግድ ካላየ አይሰግድም። የራሱን ጆሮ አያምንም። ቃጭሉ እውነት ይሁን ከጭንቅላቱ ይሁን ከሌላ ሰው ፊት ነው የሚያነበው። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ነው የኖረው።

ዓይኑ እየዞረ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ። አወቀኝ። ፊቱ ላይ ቂም የሚባል የለም። እኔን ብቻ እያየ ጠበቀ። አንገቴን ደፋሁ። ያኔ እሱም እጁን ወደ ትከሻው ወስዶ ነጠላውን አስተካከለ፣ ሰገደ። እኔን አይቶ፣ እኔን አምኖ።

ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ። ክርስትናውንም አልበላሁም።

ከብልባላ እስከ ሱቄ ድረስ ሰበብ ስደረድር መጣሁ። ቀልድ ነበር፤ አልነበረም። ቃጭሏ ለፈረንጅ የምትሸጥ ናት፣ አልተባረከችም፤ ታዲያ እሱ በምን ያውቃል? ለሌላ ሰው ነበር ያሰብኩት፤ ረጅሙስ የሰው ልጅ አይደለም? አንዱም አልሠራልኝም። ሱቅ እንደገባሁ ቃጭሎቹን ሁሉ ከበሩ አውርጄ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ። አሁን ነፋስ መጥቶ መስቀሎቹ እርስ በርስ ሲነካኩ ከመቀመጫዬ እነሣለሁ። ቅጣቴ ያ ነው፣ ይገባኛልም።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ እትዬ ዘውዴ ሻይ ቤት ራሴ አነበዋለሁ፤ የሳቁት እዚያ ነው። "ሙሌ፣ አሳየን" ካሉኝም አሳያቸዋለሁ፤ የእሱን እጅ አይደለም፣ በጋቢ ውስጥ የነበረችውን። ከዚያ ብልባላ እሄዳለሁ። ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ ከእሱም አልለምንም። ይቅርታ ብለምነው ይሰጠኛል፤ ያን አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የማልለምነው። የምሄደው አንድ ነገር ልነግረው ነው፤ ምናልባት አንደበቴ ቢከዳኝ እንኳ እዚህ ተጽፎ ይቆይ።

ፍሬሰንበት፣ ጆሮህ ደህና ነው። ያን ቀን ቃጭል ነበር። ያቃጨልኩት እኔ ነኝ።