ሲስተር የሺ እና የእንጦጦው መንገድ

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ የካ አባዶ፣ እኛ ብሎክ መብራት ጠፋና ጎረቤቴ ደረጃው ላይ ክብሪት ጫረች። ሽታው በበሩ ስር ገብቶ አፍንጫዬን ሲነካኝ ሻማ ፍለጋዬን ትቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅ እያለሁ፣ ከወደቅኩበት ስነቃ መጀመሪያ የማሸተው ክብሪት ነበር።

የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። የካ ሚካኤል አጠገብ በነበረው ትምህርት ቤታችን ይህን የማያውቅ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ስወድቅ አንዱ ክብሪት ጭሮ ለአፍታ አፍንጫዬ ስር ይይዝና ይሸሻል፤ የቀሩት አረፋው ይጋባል ብለው እየተጋፉ ይወጣሉ። ዓይኔን ስገልጥ የሚታየኝ የቆርቆሮው ጣሪያና ባዶ ዴስክ ነው። ሌሎቹ ለሦስት በሚቀመጡበት ዴስክ እኔ ብቻዬን እቀመጥ ነበር። ክፉዎች አልነበሩም፤ ፈርተው ነው።

ሲስተር የሺ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወጣት ካዴቶች ለሚባሉ የሰፈር ልጆች የመጀመሪያ እርዳታ ያስተምራሉ። ልጆቹ ካኪ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሰማያዊ ሻርፕ አንገታቸው ላይ አስረው ሲሰለፉ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን ሲስተር ወደ እኔ መጡና ለምን እንደማልገባ ጠየቁኝ። ታምሜ እንደምወድቅ ነገርኳቸው።

«ታዲያ እኔ የማስተምረው ስለ ምን መሰለሽ?» አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ ገባሁ። ነስር ሲመጣ አንገት ወደ ኋላ እንደማይቀለበስ፣ የተቃጠለ እጅ ላይ የጥርስ ሳሙና እንደማይቀባ፣ ለተሰበረ ክንድ የባሕር ዛፍ እንጨት በፋሻ እንዴት እንደሚታሰር ተማርኩ። ትምህርቱ ሲያልቅ ልጆቹ እየተንጫጩ ወደየቤታቸው ይሮጣሉ። ሲስተር ግን አይቸኩሉም። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በተከራዩዋት አንድ ክፍል የሚጠብቃቸው ሰው የለም። የእኔም እናት ከሥራ የምትገባው ሲመሽ ነው። ሁለታችን ፋሻዎቹን ቧንቧው ስር አጥበን ሽቦ ላይ እናሰጣለን፤ እስኪደርቁም ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን።

አንድ ቅዳሜ በእግራችን ወደ እንጦጦ ማርያም ይዘውን ወጡ። ዳገቱን ስንጋፈጥ ፀሐይዋ በዛፎቹ መካከል ብልጭ ድርግም ስትልብኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የለም።

ስነቃ በጎኔ ተኝቻለሁ። ጭንቅላቴ ስር የሲስተር ጥቁር ሹራብ አለ፤ ክብሪት አይሸትም። ዙሪያዬን ያየሁት የጫማ ተረከዝ ብቻ ነበር፣ አቧራ የለበሰ። ካዴቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ክብ ሠርተው ቆመዋል።

የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ሂሩት የምትባል፣ ከካዴቶቹ አንዷ የሆነች የክፍሌ ልጅ ናት። ወደ ፀበል የሚወጡ ሰዎች ከበውኝ ኖሮ አንድ ሽማግሌ ሊረዱኝ ብለው ክብሪት አወጡ። ሲስተርም በትሕትና ይተዉት፣ ራሷ ትነቃለች አሏቸው። ከአጠገቤ ድንጋዩን ጠራርገው፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኔ አስተኙኝ። ልጆቹንም «ፊታችሁን ወደ ውጭ፤ ማንም እንዳያያት» ብለው አዘዙ።

እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሲስተር አፈሩ ላይ ተቀምጠው እጄን ይዘው «እዚህ ነኝ ልጄ፤ የትም አልሄድኩ» አሉኝ። ከዚያ በፊት ስነቃ አጠገቤ ተቀምጦ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ።

ሰኞ ሂሩት ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጥታ ዴስኬ ላይ ተቀመጠች። በዚያው ሳምንት ሲስተር ከእናቴ ጋር ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝና መድኃኒት ጀመርኩ። መውደቁ እየራቀ ሄዶ ቆመ።

በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ። ሲስተር ወደ ሌላ የከተማ ዳርቻ ሄዱ፣ እኔም ወደ አባዶ መጣሁ። በዓል ሲሆን እደውልላቸው ነበር፤ ሁልጊዜም ስልኩን የሚያነሱት ወዲያው ነበር፣ አጠገቡ ተቀምጠው እንደሚጠብቁ ሁሉ። አምና ማረፋቸውን ሰማሁ። ክፍላቸው ውስጥ ወድቀው ያገኟቸው አከራያቸው ናቸው፣ ከወደቁ በማግስቱ። የወደቀ ሰው ብቻውን እንዳይተው ያን ሁሉ ልጅ ያስተማሩ ሴት ራሳቸው ሲወድቁ ማንም አጠገባቸው አልነበረም።

የካ ሚካኤል ሲቀበሩ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። አፈር ሲመለስ አንዲት አሮጊት ዘመዳቸው ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሰው ውሃ፣ ውሃ እያለ ግር ብሎ ሲከባቸው አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ተንበርክኮ እግራቸውን ከፍ አድርጎ ያዘ። ልጅ ያዘለች ሴት የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈታች። እኔ ደግሞ አየር እንዲያገኙ ሰዉን ወደ ኋላ እየመለስኩ ነበር። ማን ምን እንደሚሠራ አልተነጋገርንም።

ሰዉ ገለል ሲል እኔም አጠገባቸው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺንም ያስተማሩሽ እሳቸው ናቸው?» አለኝ ዝግ ብሎ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ስሙን አልጠየቅኩትም፣ እሱም የእኔን። አሮጊቷ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ትንሽ አርፈው፣ ተደግፈው እስኪነሱ ድረስ ግን ሦስታችንም ከአፈሩ ላይ አልተነሳንም።