በየኔታ ጆሮ ልክ

ልጅ እያለሁ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ መጽሐፍ አሳምሮ የሚሸፍን ተማሪ በጓደኞቹ ዘንድ እንደ ባለሙያ ይታይ ነበር። ያ ባለሙያ እኔ ነበርሁ። ከግንበኞች የለመንሁትን የሲሚንቶ ከረጢት አራግፌ፣ ውጨኛውን ንብርብር ጥዬ፣ ንጹሑን ቡናማ ወረቀት በዱቄት ሙጫ አጣብቀው ነበር። የሙጫው ጎምዛዛ ሽታ ከጣቶቼ ሳይለቅ ይሰነብታል።

እኔ፣ ይታያልና ትርንጎ ሆነን የንባብ ማኅበር ነበረን። መጻሕፍቱን የሚያውሱን የአማርኛ አስተማሪያችን ነበሩ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠን የየመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ጮክ ብለን እናነብና እጅ እናወጣለን፤ ብዙ እጅ ያገኘው በየተራ ይዞራል። ጸሐፊው እኔ ስለ ነበርሁ ተራውን በደብተር እይዛለሁ፤ መጻሕፍቱንም ሁሉ በአንድ ዓይነት ወረቀት እሸፍናለሁ። በዚህ ሥራዬ በጣም እኮራ ነበር።

የትርንጎ አባት ዲማ የተማሩ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ለልጃቸው ማኅበሩን የፈቀዱላት ይዛ የገባችውን መጽሐፍ ሁሉ እንድታነብላቸው ተስማምተው ነው፤ አንድ ቀን ያልወደዱት ከገባ ማኅበሩ ቀረባት ማለት ነው። ስለዚህ ምርጫችን ምንጊዜም በየኔታ ጆሮ ልክ ነበር። ይታያል አንባቢዎቹ እኛ ነን ወይስ የኔታ እያለ ያሾፍብን ነበር።

አንድ ዓርብ እሱ ራሱ የፍቅር ልብ ወለድ ይዞ መጣ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዲት ልጅ ትምህርቷን ትታ እንድታገባ ቤተ ዘመድ ይመክርባታል። ሦስታችንም እጃችንን አወጣን፤ የትርንጎ እጅ ቀድሞ ነበር የወጣው። ወዲያው ግን የኔታ ትዝ አሉን። ልብ ወለዱን ከእኔ ጀምረን እኔና ይታያል በየተራ እንድንይዝ፣ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ ትርንጎ እንድትይዝ ተወሰነ። ልብ ወለዱንም እንደ ሌሎቹ እዚያው ሸፈንሁት፤ ትርንጎ የሰጠኋትን ተቀብላ ሄደች።

ቤት ገብቼ በእጄ የቀረውን ስገልጠው የታሪኩ መጽሐፍ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱም አንድ ልብስ ለብሰዋል፤ ያለበስኋቸውም እኔ ነኝ። በማግስቱ ትርንጎ ደጃችን ድረስ መጥታ አባቷ እኔንና ይታያልን እንደሚጠሩን ነገረችኝ። አነበብሽላቸው ወይ ብላት፣ ብታቆም ይነቁባት ስለ ነበር እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ መዝለቋን ነገረችኝ።

የኔታ ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ የሚያገኘው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ መጽሐፉ ጭናቸው ላይ ነው። ጉልበታቸውን ስመን ቆምን። ሽፋኑን በጣታቸው እየዳበሱ ማን እንደ ሸፈነው ጠየቁ። እኔ ነኝ አልሁ። አንብበኸዋል ወይ ሲሉኝ ገና መሆኑን ተናገርሁ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማህም? አንተ ሳታነብ ትጠመጥማለህ።»

ይታያል ሳቁን ለመዋጥ አቀረቀረ። ቀጥለው መጽሐፉን የመረጠው ማን እንደ ሆነ ጠየቁ። እሱ አፉን ሳይከፍት ትርንጎ ከበሩ ሥር መለሰች።

«እኔም መርጬዋለሁ፣ አባባ።»

«ለምን መረጥሽው?»

«ልጅቱ ከትምህርቷ ትቀር እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ትርንጎን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ በእኔ ስሕተት ማኅበሩ ሊቀርባት ነው። የኔታ ግን መጽሐፉን ወደ እሷ ዘረጉት።

«እሱን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ካቆምሽበት ቀጥይ። እናንተም ተቀመጡ።»

ከዚያ ወዲህ ማኅበራችን ከባሕር ዛፉ ሥር ወደ መደቡ ተዛወረ። የኔታ ያልሰሙት ምዕራፍ አይታለፍም፤ እያንዳንዳችንም ያመጣነውን መጽሐፍ ለምን እንደ መረጥነው ሳናስረዳ እጅ አይወጣም ነበር። ትርንጎ ከማኅበሩም ከትምህርቷም አልቀረችም።

ዛሬ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር፣ ሁላችንም ጡረተኞች፣ የንባብ ማኅበር አለን። መጽሐፉ የሚመረጠው በቴሌግራም ነው፤ ስልካችንን ነካ ነካ እናደርግና በአምስት ደቂቃ ያልቃል። አላማርርም፤ ፊደሉን አጉልቼ የማነበውም በዚሁ ስልክ ነው። ነገር ግን የእኔ መጽሐፍ የተመረጠ ዕለት ስልኩን ቶሎ አላስቀምጥም። ለምን መረጥኸው የሚለኝ አንድ ሰው ቢገኝ ብዬ፣ መልሴን አዘጋጅቼ ጥቂት እጠብቃለሁ።