ጋሽ ቱፋ ያልተናገሩት ቃል

ልጅ ሳለሁ ከእንግሊዝኛ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልጨመርኩበትም። ሄንስፎርዝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ በጆሮዬ ነው የያዝኩት።

ቃሉን ያሰሙኝ ጋሽ ቱፋ ናቸው። እናቴ ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። እሷ ስትሞት ጋሽ ቱፋና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች «ዘመድ እስኪመጣ» ብለው ቤታቸው አስገቡኝ። ልጅ አልነበራቸውም። እኔም ያ ዘመድ የተባለው እንዳይመጣ እጸልይ ነበር።

ያኔ ግቢው መብራት አልገባለትም ነበርና፣ ሲመሽ እትዬ ዘነበች ፋኖሱን ምስማር ላይ ሰቅለው ከሰሉን ሲያራግቡት፣ ፍሙ እየቀላ ሲሄድ የጋሽ ቱፋ ፊት ከጨለማው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ተረቱም አብሮ ይወጣል። ጅብና አህያ ይካሰሳሉ፣ ጦጣ ትመሰክራለች፣ አንበሳ ይፈርዳል። ጋሽ ቱፋ በጎልማሳነታቸው ለአንድ ፈረንጅ ዳኛ አስተርጓሚ ነበሩ፤ ስለዚህ የሳቸው አንበሳ አማርኛ አይበቃውም። ፍርዱ ላይ ሲደርሱ ይነሱና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ሄንስፎርዝ! ጅብ በቀን ከዋሻው ንቅንቅ አይልም!» ይላሉ።

«ምን ማለት ነው?» አልኳቸው አንድ ማታ።

«ከአሁን ጀምሮ ማለት ነው። ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው፤ ያለፈውን አይነካም።»

«ታዲያ ‹ከእንግዲህ› አይሉም እንዴ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ከእንግዲህንማ ያ ሰካራም ጎረቤታችንም ይለዋል። ጠዋት ከእንግዲህ አልቀምስም ይላል፣ ማታ እየዘፈነ ይገባል። ይሄ ግን ከአፍ ከወጣ አይመለስም። ተቁሞ ነው የሚባለው፣ ሰው እየሰማ።»

«እንግዲያው ሄንስፎርዝ ማንኮራፋት ቀርቷል ይበሉልኝ!»

«ለማንኮራፋት አይወጣም፣ አንቺ!» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ለምን እንደሚወጣ እኔ አውቅ ነበር። አንድ ማታ ተነስተው «ሄንስፎርዝ ይሄ ልጅ የእኔ ነው» ካሉ ማንም አይወስደኝም። ለጉዲፈቻ ሽማግሌ ተሰብስቦ እንደሚመርቅ ኋላ ነው የሰማሁት፤ ያኔ ቃሉ ብቻውን የሚበቃ ነበር የመሰለኝ። በየተረቱ መጨረሻ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ። እሳቸው ጅቡ ላይ ይፈርዱና ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አጎቴ ከአዳሚ ቱሉ መጣ። አይቼው አላውቅም። ከፍሙ ዳር ተቀመጠና፣ «የእህቴ ልጅ ነው ጋሼ፣ ልወስደው ነው የመጣሁት። ማሽላው ደርሷል፤ ወፍ የሚጠብቅልኝ አጣሁ» አለ።

እትዬ ዘነበች ማራገቢያቸውን ጣሉት። «ይናገሩ እንጂ!» አሏቸው።

ጋሽ ቱፋ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አፋቸው ተከፈተ። አጎቴ ምን ሊሉ ነው ብሎ ቀና አለ። ፍሙ ጠሽ ጠሽ ሲል ይሰማል። ከዚያ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና፣ «ዛሬ ይደር» አሉ። «ሲነጋ ቁርሱን በልቶ ይሂድ። ባዶ ሆዱን መንገድ አይግባ።»

አዳሚ ቱሉ፣ ማሽላው መሃል ማማ ላይ ቆሜ፣ ወንጭፌን እያጮህኩ ያን ቃል ወፎቹ ላይ እጮኸው ነበር። ግር ብለው ይነሳሉ። ወደ ሐይቁ በኩል ትንሽ ዞረው ተመልሰው ያርፋሉ።

ጎልምሼ ናዝሬት ስመለስ ጋሽ ቱፋ አልነበሩም። እትዬ ዘነበች ጉንጬን ይዘው ብዙ አለቀሱ። «ምን ያርጉ ልጄ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሌላ ሰው ፍርድ ሲያቀብሉ ኖረው የራሳቸውን ከየት ይጀምሩት? ደግሞ ሥጋ ዘመድ ፊት እኔ ማን ነኝ ብለው ነው» አሉኝ። እኔ ከሄድኩ ወዲህ እዚያ ቤት ተረት አልተወራም።

አሁን እዚሁ አዳማ ብቻዬን ነኝ። ባለቤቴ አርፋለች፣ ልጆቼ በየፊናቸው ናቸው። ባለፈው ተማሪዋን የጎረቤቴን ልጅ ስለ ቃሉ ጠየቅኳት፤ ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና፣ «አባባ፣ ይሄማ አርጅቷል። የድሮ ውል ላይ ካልሆነ ሰው አይናገረውም» አለችኝ።

«እኔም ሲነገር የሰማሁት ለጅብ ብቻ ነው» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ተረቶቹ ተደበላልቀውብኛል፤ የከሰሰው ጅቡ ይሁን አህያዋ ጠፍቶኛል። አመሻሽ ላይ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ስቀመጥ የሚመጣብኝ ያ ተከፍቶ የቀረ አፍ ነው። ለብዙ ዓመት በዚያ አፍ ተቀይሜያለሁ። አሁን የሳቸው ዕድሜ ላይ ደርሼ፣ ከወንበር መነሳት ምን ያህል እንደሚከብድ ጉልበቴ ሲነግረኝ፣ ሌላ ነገር አስባለሁ። ተነስተው ነበር እኮ። ለአንበሳም ለዳኛም አልነበረም፤ ለእኔ ነበር የተነሱት።